ከታረደ በኋላ የሚንቀጠቀጥ ሥጋ ማን አዞት ነው? (የጡንቻ ፊዚዮሎጂ፣ ለፈተና)

የሁለተኛ ዓመቷ
ሰላም እንዴት ዋላችሁ። የጤና ተማሪ ነኝ። ረቡዕ የፊዚዮሎጂ ፈተና አለብን። ያልገባኝ ነገር የመጣው ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቅርጫ ነው፤ እንዳትስቁብኝ።

ለፋሲካ ጎረቤት ተሰባስበን በሬ አርደን ነበር። መደብ ሲመደብ ኮባ የማነጥፈው እኔ ነበርኩ። ከታላቁ የተቆረጠ አንድ ሙዳ ስቀበል እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። የዓይን ቆብ ሲርገበገብ አይታችኋል አይደል? ልክ እንደዚያ ክሮቹ ብድግ ይሉና ይተኛሉ። አጎቴ «ነፍሱ ገና አልወጣችም» ብሎ ስቆ አለፈ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። ጭንቅላቱ ሌላ ቦታ ነው፣ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቷል። መምህራችን ደግሞ «የአጥንት ጡንቻ ያለ ነርቭ ትእዛዝ አይኮማተርም» ብለውናል። ታዲያ ማን አዘዘው?

ሁለተኛ፣ ማታ የተረፈውን ሳወጣው ደርቆ ጠበቀኝ። ኤቲፒ (የሴሉ ጉልበት) ሲያልቅ መላላት አልነበረበትም?

ሦስተኛ፣ ማስታወሻዬ ላይ ካልሲየም ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ አንዴ ነርቩ ጫፍ ላይ፣ አንዴ ጡንቻው ውስጥ። ያው አንዱ ነው የሚዘዋወረው ወይስ ሁለት የተለያየ ነው?

ባዮሎጂ አስተማሪ
እህቴ፣ ከሦስተኛው ልጀምር። እሱ ካልተፈታ ሌሎቹ አይፈቱም።

እግርሽን ልታነሺ ነው እንበል። ትእዛዙ ከህብለ ሰረሰር በሞተር ኒውሮን፣ ጡንቻን በሚያዘው የነርቭ ሴል፣ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ ስለሆነ እግርሽ ጋ ለመድረስ የሰከንድ ሃምሳኛ ያህል ይበቃዋል። ነርቩ ግን ጡንቻውን አይነካውም። መሐላቸው 50 ናኖሜትር ያህል ክፍተት አለ፣ የነርቩ ኤሌክትሪክም እዚያው ያበቃል። ሞገዱ ጫፉ ላይ ሲደርስ የካልሲየም በሮች ይከፈቱና ካልሲየም ከውጭው ፈሳሽ ይገባል። ይሄ የመጀመሪያው ካልሲየም ነው። ሥራው አሲታይልኮሊን የሚባለው መልእክት አድራሽ ኬሚካል የተሞሉትን ጥቃቅን ከረጢቶች ከነርቩ ሽፋን ጋር አገናኝቶ ወደ ክፍተቱ ማስደፋት ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ውስጥ የለም።

አሲታይልኮሊኑ ተሻግሮ ጡንቻው ላይ ካለው ሪሴፕተር (ተቀባይ) ጋር ይያያዛል። ሪሴፕተሩ ራሱ በር ነው፤ ይከፈታል፣ ሶዲየም ይጎርፋል። ጡንቻው ሲያርፍ ከውስጥ በኩል 90 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆያል። ሶዲየሙ ይህን ሲያዛባው አዲስ ሞገድ ይነሳል። ልብ በይ፣ ይሄኛው የጡንቻው የራሱ ሞገድ ነው፣ የነርቩ አይደለም። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ ይጠቅመናል፣ ያዢው።

የጡንቻ ክር ወፍራም ነው። ሞገዱ ላዩን ብቻ ቢሄድ መሐል ያለው አይሰማም። ስለዚህ ሽፋኑ እንደ ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ቲ-ቲዩቡል የሚባለው እሱ ነው። ከጉድጓዱ ግድግዳ ጎን የካልሲየም ጎተራ አለ፣ ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም። ሞገዱ ሲደርስ ጎተራው ይከፈታል። ሁለተኛው ካልሲየም ይሄ ነው፤ ከዚያው ከጡንቻው ቤት የወጣ።

ኢንተርን ነኝ
ትንሽ ላርም። ካልሲየም መጀመሪያ ከውጭ በቲ-ቲዩቡል በኩል ይገባል፣ የገባው ነው ጎተራውን የሚያስከፍተው። እንደዚያ ነው የተማርነው።

ባዮሎጂ አስተማሪ
ወንድሜ፣ ያልከው ልብ ላይ ትክክል ነው። የአጥንት ጡንቻ ላይ ግን አይሠራም፤ ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበትም እዚህ ጋ ነው። በአጥንት ጡንቻ ቲ-ቲዩቡሉ ላይ ያለው የዲኤችፒ ሪሴፕተር የቮልቴጅ ለውጥ ሲሰማው ቅርጹን ይለውጣል፣ ቅርጹን ሲለውጥ አጠገቡ ያለውን የጎተራውን በር፣ ራያኖዲን ሪሴፕተርን፣ ስቦ ይከፍተዋል። እንደ ገመድና እንደ መዝጊያ አድርገህ ያዘው። በውጭ ያለው ካልሲየም ለጊዜው ባይኖርም የአጥንት ጡንቻ መኮማተር ይችላል፤ ልብ ግን ወዲያው ይዳከማል።

የልቡን ነገር ያሳየው ሲድኒ ሪንገር ነው፣ በ1883 እ.ኤ.አ. የእንቁራሪት ልብ ለብዙ ሰዓት ሲመታለት የጨው ፈሳሹ ይበቃል ብሎ ነበር። ለካ ፈሳሹ የተበጠበጠው በለንደን የቧንቧ ውሃ ኖሯል፣ ካልሲየሙም ከቧንቧው ነበር የመጣው። በተጣራ ውሃ ሲበጠበጥ ልቡ ቆመ። ዋርድ ላይ በየቀኑ የምትሰቅሉት ግሉኮስ መሰል የደም ሥር ፈሳሽ፣ ሪንገር ላክቴት፣ የተሰየመው በእሱ ስም ነው፤ ካልሲየም ያለበትም በምክንያት ነው።

ኢንተርን ነኝ
ልክ ነህ፣ ከልብ ጋር አምታትቼው ነው። ተቀብያለሁ።

ሥጋ ቆራጭ
እኔ ሳይንሱን አላውቅም፣ ግን ሃያ ዓመት ቢላ ይዣለሁ። ልጄ፣ የደረቀብሽ ትኩሱን ፍሪጅ ከትተሽው ይሆናል። ገና የሚሞቅ ሥጋ ፍሪጅ ከገባ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ቢቀቅሉትም እሺ አይልም። እኛ ሰቅለን መጀመሪያ አየር እናስመታዋለን። ቁርጥ የሚበላ ሰው ደግሞ ጠዋት የታረደውን ጠዋት ነው የሚፈልገው። ከዋለ ይጠነክራል፣ አድሮ ሲሰነብት መልሶ ይለሰልሳል።

የሁለተኛ ዓመቷ
ጋሼ በትክክል እንደዚያ ነው ያደረግኩት! ዝንብ እንዳያርፍበት ብዬ ወዲያው ፍሪጅ ከተትኩት። ግን ለምን?

ባዮሎጂ አስተማሪ
ጋሼ የተናገሩት ለሁለተኛው ጥያቄሽ መግቢያ ነው።

ጡንቻን የሚያኮማትሩት ማዮሲንና አክቲን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮች ናቸው፤ ማዮሲን አክቲንን የሚስበው በጭንቅላቱ ነው። ተማሪ ሁሉ «ኤቲፒ ለመሳብ ነው» ብሎ ይጽፋል። ጉልበቱ ከኤቲፒ መምጣቱ እውነት ነው፤ ግን የሚሰጠው ቀድሞ ነው። የአይጥ ወጥመድ አስቢ። ስትወጥሪው ነው ጉልበትሽን የምታወጪው፣ ሲፈናጠር አይደለም። የማዮሲኑም ጭንቅላት ኤቲፒ ሰብሮ ተወጥሮ ይጠብቃል፤ የሚከለክለው አክቲኑ ላይ የተጋደመው ፕሮቲን፣ ትሮፖማዮሲን፣ ነው። ካልሲየም አጠገቡ ባለው ሌላ ፕሮቲን፣ ትሮፖኒን፣ ላይ ሲቀመጥ ትሮፖማዮሲኑ ይንሸራተታል፣ ጭንቅላቱ ይይዛል፣ ይስባል። ስቦ ከጨረሰ በኋላ ግን በራሱ መልቀቅ አይችልም። አዲስ ኤቲፒ መጥቶ ሲቀመጥበት ብቻ ነው የሚለቀው።

ስለዚህ ኤቲፒ ሲያልቅ የያዘው እንደያዘ ይቀራል። ካልሲየሙን ወደ ጎተራ የሚመልሰው ፓምፕም በኤቲፒ የሚሠራ ነውና ይቆማል፤ ካልሲየም እየፈሰሰ አዳዲስ ጭንቅላቶች ይያያዛሉ። ሬሳ የሚደርቀውም በዚሁ ነው። አድሮ የሚለሰልሰው ጭንቅላቶቹ ስለለቀቁ እንዳይመስልሽ፤ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ስለሚቆራርጡት ነው።

ፍሪጁ? ኤቲፒ ገና እያለ ሥጋው ከ10 ዲግሪ በታች ቶሎ ከቀዘቀዘ ጎተራው ካልሲየሙን መያዝ ያቅተዋል። ካልሲየም ይፈሳል፣ ኤቲፒ አለ፣ ሥጋው በኃይል ይኮማተራል፤ ተኮማትሮ ሳለ ኤቲፒው ያልቅና እንደዚያው ይቆለፋል። የጋሼ ጎማ ይኸው ነው።

ሥጋ ቆራጭ
ሃያ ዓመት ሙሉ ምክንያቱን ሳላውቅ ስቆጣ ኖርኩ ማለት ነው።

ማደንዘዣ ክፍል
እኔ አኔስቴቲስት ነኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ አልተመለሰም መሰለኝ፤ ልሞክረው።

ማንም አላዘዘውም። ሥጋው ከበሬው ሲለይ ክሮቹ ገና አልሞቱም፤ ሽፋናቸው ቻርጁን ይዟል፣ ጎተራው ሙሉ ነው፣ ኤቲፒም አለ። በውስጡ የቀሩ የነርቭ ቅርንጫፎችም አሉ። ቢላው እነሱን ሲቆርጥ፣ ሽፋኑን ሲጎዳ፣ አንቺም ስትነኪው በሮች ይከፈታሉ። ሽፋኑ ቮልቴጁ ሲዛባ ይተኩሳል፤ ያዛባው አንጎል ይሁን ቢላ አይለይም። ጋልቫኒ በ1791 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንቁራሪት እግር ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እግሩ ከአካሉ ተለይቶ ነርቩ ሲነካ ይፈናጠር ነበር። መምህራችሁ አልተሳሳቱም፤ በሕይወት ባለ ጤነኛ ሰው ላይ የአጥንት ጡንቻን የሚያስነሳው ሞተር ኒውሮን ነው። ላንቺ የደረሰሽ ሙዳ ግን ያ ሁኔታ ውስጥ አልነበረም።

እኔ ይሄን ርግብግብታ በየሳምንቱ አየዋለሁ፣ ሰው ላይ። ሱክሳሜቶኒየም የሚባለውን ጡንቻ አዝላይ መድኃኒት ስንሰጥ በሽተኛው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጀመሪያ ከዓይኑ አካባቢ፣ ከዚያ ደረቱ፣ ከዚያ እግሩ ይርገበገባል፤ ወዲያው ጸጥ ይላል። መድኃኒቱ አሲታይልኮሊንን ይመስላል፣ ሪሴፕተሩን ይከፍታል፤ ነገር ግን ክፍተቱ ውስጥ ያለው አሲታይልኮሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም አይሰብረውም። ሽፋኑ ወደ እረፍቱ መመለስ ሲያቅተው አጠገቡ ያሉት የሶዲየም በሮች ይቆለፋሉ። ክፍት የቀረ በር ጡንቻን ያሽመደምዳል፣ ነገሩ ግራ ቢመስልም። ደም ውስጥ ያለ ሌላ ኢንዛይም ስለሚያጠፋው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ እስከዚያ የምንተነፍስለት እኛ ነን።

ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለሥራም ያዢው፦ ማላታይዮን (ፀረ ተባይ) የጠጣ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ የታገደው ያ አሲታይልኮሊን ሰባሪው ኢንዛይም ነው። ጡንቻው ይርገበገባል፣ ከዚያ ይዝላል። ለዚህ የምንሰጠው መድኃኒት፣ አትሮፒን፣ ምራቁንና የሳንባውን ፈሳሽ ያደርቃል፤ የአጥንት ጡንቻ ሪሴፕተር ላይ ግን አይሠራም። ምራቁ ስለደረቀ ዳነ ብለሽ ከአጠገቡ እንዳትሄጂ፤ ትንፋሹን ተከታተዪ።

ከጎንደር
ይቅርታ ከመሐል ገባሁ። ጓያ በልቶ እግሩ የተያዘ ሰውም እዚሁ ክፍተት ላይ ተበላሽቶበት ነው?

ማደንዘዣ ክፍል
አይደለም። የጓያው መርዝ የሚጎዳው ከአንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር የሚወርዱትን የላይኞቹን ኒውሮኖች ነው። ከሰረሰር ወደ ጡንቻ ያለው መስመር ደህና ስለሆነ እግሩ አይላላም፤ እንዲያውም ተገትሮ በመቀስ አረማመድ ይሄዳል። ፖሊዮ ተቃራኒው ነው፤ የታችኛውን ሞተር ኒውሮን ይገድላል፣ እግሩ ይላላል፣ ይሰልላል።

የሁለተኛ ዓመቷ
እግዜር ይስጥልኝ። የገባኝን ልበል፣ ካጠፋሁ አርሙኝ። የነርቩ ካልሲየም ከውጭ፣ የጡንቻው ከጎተራ። ኤቲፒ ጭንቅላቱን ለመወጠርም ለማስለቀቅም። የበሬው ሥጋ የተንቀጠቀጠው ቢላው ስለነካው። አንድ የቀረኝ፦ ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ እጅ ይጨመደዳል ተብለናል። ካልሲየም ካነሰ መላላት አልነበረበትም?

ባዮሎጂ አስተማሪ
ጎተራው ውስጥ ያለው አላነሰም እኮ፤ ያነሰው ውጭ ያለው ነው። ውጭ ያለው ካልሲየም የነርቩን የሶዲየም በሮች ረጋ አድርጎ የሚይዝ ነው። ሲያንስ በሮቹ በትንሽ ነገር ይከፈታሉ፣ ነርቩ ሳይታዘዝ ይተኩሳል፣ እጁም ይጨመደዳል። ነርቩ ጫፍ ላይ የሚለቀቀው አሲታይልኮሊን ይቀንሳል ያልሽ እንደሆነ እውነት ነው፤ ግን የነርቩ ያለ ትእዛዝ መተኮስ ስለሚያይል ጡንቻው ከመላላት ይልቅ ይኮማተራል።

እና አንድ እርማት፦ ኤቲፒን ሁለት ቦታ ጻፍሽ፣ ሦስተኛው ቀርቶብሻል። ካልሲየሙን ወደ ጎተራ የሚመልሰው ፓምፕ። «ጡንቻ እንዴት ይፈታል?» ብለው ከጠየቁሽ መልሱ የሚጀምረው ከእሱና አሲታይልኮሊኑን ከሚሰባብረው ኢንዛይም ነው።

የሁለተኛ ዓመቷ
ጻፍኩት። ጋሼ፣ የደረቀው ሥጋ አሁንም አለ፤ ምን ላድርገው?

ሥጋ ቆራጭ
በዚያው ፍሪጅ ሁለት ሦስት ቀን አቆይተሽ አድቅቀሽ ክተፊውና ለወጥ አድርጊው። ለጥብስ እንዳትሞክሪው።