ወጣት ሆኜ የሰራሁበት የአሜሪካ ስካውት ካምፕ ሊሸጥ ነው፣ ከዚህ ሆኖ ምን ማድረግ ይቻላል?

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የስካውት ልጆች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ክረምት ላይ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አንድ የስካውት ካምፕ በውጭ አገር ስታፍነት ሄጄ ሰርቻለሁ፣ የተመደብኩት ሐይቁ ላይ ነበር፣ አብረውኝ ከሰሩት ልጆች ጋር እስካሁን እንጠያየቃለን። ትናንት ማታ በዋትስአፕ ግሩፓችን ካውንስሉ (የካምፑ ባለቤት የሆነው የአካባቢው የስካውት ቅርንጫፍ) ካምፑን ሊሸጠው ነው፣ የዘንድሮው ክረምት የመጨረሻው ነው ተባለ። በጣም ነው የከፋኝ።

ለምን እንደሚከፋኝ ልንገራችሁ። እዛ ማንም ልጅ ብቻውን ውሃ አይገባም። መጀመሪያ የዋና ፈተና ይፈተናል፣ ከዛ እንደ ችሎታው ስሙ ያለበት ክብ መለያ ይሰጠዋል፣ ሲገባ ቦርዱ ላይ ይሰቅለዋል ሲወጣ ያነሳዋል፣ ሁሌም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚዋኙት፣ በየ10 ደቂቃው አካባቢ ፊሽካ ይነፋና እያንዳንዱ የጓደኛውን እጅ ይዞ ወደ ላይ ያነሳል፣ እኛ እንቆጥራለን፣ ቆጠራው ከቦርዱ ጋር ካልገጠመ ወዲያው ፍለጋ ነው። አሁን መምህር ነኝ፣ ተማሪዎቼን ይዤ ላንጋኖ ስሄድ ዛሬም እንደዛው ነው የማደርገው። እና ይሄን ያስተማረኝ ቦታ ቪላ ሊሰራበት ይችላል መባሉ አልዋጥልህ አለኝ። ግን ይሄ ሁሉ ካምፕ ለምንድነው የሚሸጠው? ማስቀረትስ ይቻላል ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔ እህቴ ጋ ዲሲ አካባቢ ስለምመላለስና ልጆቿም ስካውት ስለሆኑ ነገሩን ትንሽ እከታተለዋለሁ። ያንተ ካምፕ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ቦይ ስካውት በፈረንጅ 2020 የካቲት ላይ በፍርድ ቤት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፣ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለው ካሳ የጠየቁት ከ82 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው፣ 2.46 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆነው የካሳ ስምምነት 2023 ላይ ነው ስራ ላይ የዋለው። ከዛ ውስጥ በየክልሉ ያሉት ካውንስሎች ከ500 ሚሊዮን በላይ በገንዘብና በንብረት ማዋጣት ነበረባቸው፣ ካውንስል ደግሞ ትልቁ ንብረቱ መሬት ነው፣ መሬቱ ደግሞ ካምፕ ነው። በዛ ላይ የሞርሞን ቤተክርስቲያን በ2019 መጨረሻ ልጆቿን ይዛ ወጣች፣ ወዲያው ኮቪድ መጣ፣ አባሉ ከ2 ሚሊዮን አካባቢ ወደ 1 ሚሊዮን አካባቢ ወረደ። ካምፕ ልጅ ያለበት በክረምት ጥቂት ሳምንት ነው፣ ጣሪያው፣ መንገዱ፣ የሐይቁ ግድብና ኢንሹራንሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ይበላል።

ሽያጩን ማስቀረት ይከብዳል፣ መሬቱን ማዳን ግን አንዳንዴ ይቻላል። ላንድ ትረስት የሚባሉ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶች አሉ፣ መሬቱ ላይ ግንባታ እንዳይካሄድ የሚያግድ መብት ከባለቤቱ ይገዛሉ፣ ውሉ ከመሬቱ ጋር ስለሚመዘገብ ገዢ ቢቀያየርም እንደታሰረ ይቆያል፣ ካውንስሉም ገንዘብ ያገኛል። ሌላው፣ መሬቱ በስጦታ የተገኘ ከሆነ የስጦታ ውሉ ይታይ፣ ለልጆች ካምፕ ብቻ ይሁን የሚል ቃል ያለባቸው አሉ። እዛ ያሉት ጓደኞችህ ይሄን ዛሬ ነገ ሳይሉ መጠየቅ አለባቸው፣ ገዢ ከፈረመ በኋላ በጣም ይከብዳል።

ሶስና ከአራት ኪሎ፦
የዶሮ ማነቂያ ልጅ ሀዘንህ ይገባኛል፣ ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው የሚሰማው ዓይነት ነው። አንድ ነገር ግን በደንብ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ፣ ካሳ የጠየቁት ሰዎች ካምፕ አልዘጉም። ልጅ ሆነው በአደራ ተሰጥተው የተጎዱ ናቸው፣ ብዙዎቹ እስኪያረጁ ድረስ ለማንም ሳይናገሩ የኖሩ። ካምፑን የዘጋው ያን ጊዜ አይቶ ዝም ያለው ነው። ግሩፓችሁ ውስጥ "ጠበቆች በሉን" የሚል ካለ እባክህ ዝም አትበል፣ እዛ ግሩፕ ውስጥ ራሱ ማን ምን እንደደረሰበት አታውቅም። አንተ ያወራኸው የውሃ ቆጠራ እኮ ልጅን መጠበቅ ማለት ነው፣ የሚያስለቅሰውም ለዛ ነው፣ ውሃው ላይ እንደዛ የተጠነቀቀ ድርጅት ድንኳኑ ውስጥ አለመጠንቀቁ።

በነገራችን ላይ እንግሊዝ ያሉት ገርልጋይዲንግም (እንደ ስካውት ያለ የሴት ልጆች ማህበር ነው) 2023 ላይ አምስቱንም የስልጠና ማዕከሎቻቸውን ሊሸጡ ወስነዋል፣ ከ1922 ጀምሮ የነሱ የነበረው ፎክስሊስ ሳይቀር። እዛ ደግሞ ምክንያቱ የእድሳት ወጪ ነው። ሴቶቹ ፊርማ ሰበሰቡ ሰልፍ ወጡ፣ ውሳኔው አልተቀየረም።

የድሮ ስካውት፦
ልጄ፣ እኔ በጃንሆይ ጊዜ የስካውት መሀረብ አንገቴ ላይ ያሰርኩ ሰው ነኝ። ደርግ ሲመጣ የኛ ስካውት ተቋረጠ፣ ያኔ ማንም ወረቀት ላስቀምጥ ያለ አልነበረም፣ የአባላት መዝገብ ፎቶግራፍ ባጅ እንዲሁ በየቤቱ ቀረ፣ አንዳንዱም ተፈርቶ ተቃጠለ። ኋላ ስካውት እንደገና ሲቋቋም ወጣቶቹ መጥተው ዘፈኑን፣ ሰላምታውን ሲጠይቁን ግማሹን ረስተነው ነበር። ስለዚህ የኔ ምክር ከመሬቱ ይልቅ ወረቀቱ ላይ ሩጡ ነው። የስታፍ ስም ዝርዝር፣ የየዓመቱ የጋራ ፎቶ፣ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ስም፣ የምግብ አዳራሹ ዘፈን፣ ሽማግሌዎቹ በህይወት እያሉ በድምጽ ይቀዳ። ደግሞ የስካውት ወግ አለ፣ ከካምፕ እሳት ላይ ትንሽ አመድ ተይዞ በሚቀጥለው እሳት ላይ ይጨመራል። የመጨረሻው ምሽት ላይ የሚገኝ ሰው ላንተም ይያዝልህ።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሶስና ያልሽውን ግሩፑ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ አንድ የማከብረው የድሮ አለቃዬ በውስጥ መስመር መለሰልኝ፣ ምን እንዳለኝ እዚህ አልጽፍም ግን ልክ ነበርሽ። የመሬቱን ጉዳይ እዛው ፔንሲልቬኒያ ያለች ጓደኛችን ሰኞ ካውንስሉን ልትጠይቅ ነው፣ መሬቱ ከአንድ ቤተሰብ በስጦታ የተገኘ መሆኑን ሰምታለች፣ ውሉን ፈልጋ ልታይ ነው። እኔ ፎቶና ድምጽ የመሰብሰቡን ስራ ወስጃለሁ፣ በኛ ሰዓት ማታ ስለሚመቻቸው ከሁለት ሰዓት በኋላ እየደወልኩ እቀዳለሁ። ካዛንቺስ፣ የላንድ ትረስቱ ውል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነገር ካለህ በውስጥ ላክልኝ፣ ከሰኞ በፊት ብታደርስልኝ ደስ ይለኛል።