ቪትዝ ላይ ማርሚታ ግቢያችን ውስጥ ልንገጥም ነው፤ ጭስ እንዳይተነፍስ ምን እናድርግ?

የሽምብጧ እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። መኪናዬ የ2002 ቪትዝ ናት፤ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማመላልሰው በእሷ ነው። የኋላው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) በዝገት ተበስቷል። ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ አንዳንዴም ጭሱ ውስጥ ድረስ ይሸታል። ኦሪጅናሉ ዋጋው ስለከበደኝ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ኮፒ የሆነ ማርሚታ ከነቱቦው አስመጣሁ። ወንድሜ ብሎን መፍታትና መግጠም ይችላል። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፣ ክሪክም አለን።

ሦስት ነገር ግራ ገብቶናል። ፊት ለፊት ያለው መጋጠሚያ ሞላ ያላቸው ሁለት ብሎኖች አሉት፤ መሃሉ ላይ ክብ ጋስኬት (ጭስ እንዳያመልጥ የሚዘጋ ቀለበት) አለ፣ አዲሱ ግን ከዕቃው ጋር አልመጣም። ሌላው መጋጠሚያ ቱቦ ቱቦ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ሲገባ ትንሽ ይላወሳል። አንድ ጋራዥ «ሙሉውን በየጂው» አለኝ፣ ሌላው «ሲሊኮን ቀብተሽ እሰሪው» አለኝ። የትኛውን ልስማ?

ጋሽ መካኒክ
ልጄ፣ ከሲሊኮኑ ልጀምር። ሙቀት ይችላል የሚባለው ሲሊኮን እንኳ አቅሙ 300 ዲግሪ ገደማ ነው። ለሞተሩ ቅርብ የሆነው ቱቦ ከዚያ በላይ ይግላል። ስለዚህ ተቃጥሎ ይረግፋል፣ መጋጠሚያውም እንደገና ይተነፍሳል። ጭስ የሚይዘው ንጹሕ ብረት ከንጹሕ ብረት ጋር፣ ያለ ጉልበት ፊት ለፊት ሲገጥም ነው።

«ያለ ጉልበት» ያልኩትን ልብ በይ። ሰው ቱቦውን ጎትቶ ወይም በእግሩ ገፍቶ ያገናኝና ብሎኑን ጥርቅም ያደርጋል። ሲቀዘቅዝ ያየው ሁሉ ጥሩ ይመስለዋል። ግን 2 ሜትር የብረት ቱቦ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ሲጨምር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ተወጥሮ የታሰረ ከሆነ ያ ሁሉ ጉልበት መጋጠሚያው ላይ ያርፋል። ወይ ጋስኬቱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ብየዳው ይቀደዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ዕቃ በማንጠልጠያ ጎማዎቹ ላይ ስቀሉት። ብሎኖቹን በጣት ብቻ ያዙ፣ ምንም አታጥብቁ። ከዚያ ዙሩና እዩ። ቱቦው ከነዳጅ ታንከሩ፣ ከፍሬን መስመሩና ከመከላከያው ሁለት ጣት ያህል ይራቅ። ማንጠልጠያዎቹ ወደ አንድ ወገን አይጎተቱ። በእጅ ስትወዘውዙት የትም የማይነካ ከሆነ ከሞተሩ በኩል ጀምራችሁ ወደ ጭራው እያላችሁ አጥብቁ። ከጭራው ከጀመራችሁ ጠማማነቱ ሁሉ ፊተኛው መጋጠሚያ ላይ ይጠራቀማል።

ክቡ ጋስኬት የግድ አዲስ ይሁን። አሮጌው በቦታው ተጨፍልቆ ቅርፁን ይዟል፤ ዳግመኛ አይዘጋም። ልትገዢ ስትሄጂ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ የውስጡም የውጪውም ስፋት፣ ውፍረቱም ይለካ። ሞላዎቹን አታውጡ። ሞተሩ ሲነቃነቅ መጋጠሚያው አብሮ እንዲታጠፍ የተሠሩ ናቸው። ብሎኑ ትከሻ አለው፣ ትከሻው ሲደርስ ይቆማል። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ። አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ጋስኬቱ ጠማማ ይቀመጣል።

አንድ ነገር አደራ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ጠንካራ የብረት ካባሌቶ (መኪናውን የሚሸከም መቆሚያ) ተከራዩ ወይም ተዋሱ፣ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ደግፉ። ድንጋይና ብሎኬት ድጋፍ አይደለም፤ ብሎኬት ሳይታሰብ ይፈርሳል።

በያጁ ከድባንቄ
እህቴ፣ እንጀራዬ ብየዳ ነው። ቢሆንም ሙሉውን በየጂው አልልሽም። ነገ ማርሚታው ቢበሳ በመጋዝ ቆርጠሽ ነው የምታወጪው። ፊት ያለው ባለ ሞላ መጋጠሚያ ጭራሽ አይበየድም።

ቱቦ ቱቦ ውስጥ በሚገባው ላይ ግን «ትንሽ ይላወሳል» ያልሽው አሳስቦኛል። ምን ያህል? በካሊፐር አስለኪው። ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ከሆነ ፋሼታ (ቱቦውን ዙሪያውን አቅፎ የሚያጠብቅ ብረት) ይዘጋዋል። ቢያንስ 4 ሴንቲ ሜትር ተደራርቦ መግባት አለበት። ከሞተሩ በኩል የሚመጣው ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ጭራ የሚሄደው ከላይ ያለብሰዋል። ያኔ ጭሱ መጋጠሚያውን ተንሸራቶ ያልፋል እንጂ ፊት ለፊት አይገፋውም።

ፋሼታውም ዓይነት አለው። የዩ ቅርፅ ያለው በዳዶ የሚጠብቀው ርካሽ ነው፤ ግን ቱቦውን ይነክሰዋል፣ ክብነቱንም ያበላሸዋል። ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ዙሪያውን እኩል ያቅፋል። ለመጋጠሚያ ሰፊውን ግዢ። የላይኛው ቱቦ ጫፍ ላይ ስንጥቅ ካለ ፋሼታው ስንጥቁን ይሸፍን፤ የውስጡም ቱቦ ከስንጥቁ አልፎ ይግባ።

የሽምብጧ እናት
አመሰግናለሁ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ። አስለካሁት፤ ልዩነቱ 2 ሚሊ ነው። ደግሞ የአሮጌው ብሎኖች ዝገው ከቱቦው ጋር አንድ ሆነዋል። ወንድሜ በረጅም ብረት ሊፈታቸው ነው፤ እንዳይሰበሩ ፈራሁ።

ጋሽ መካኒክ
ማታውኑ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይርጩበት፣ ጠዋት ደግሞ ይድገሙት። መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ የጥርሱን ዝገት ያራግፉ፣ አለዚያ ዘይቱ አይገባም። ከዚያ ትንሽ ማጥበቅ፣ ትንሽ መፍታት፣ ወዲያና ወዲህ። በስድስት ማዕዘን ቡሶላ (የብሎኑን ጭንቅላት ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ) ይሁን፤ የላላ ቁልፍ ጭንቅላቱን ይገፈዋል። እንቢ ካለ ጋራዥ ውሰጂው፣ እዚያ ያግሉታል። ከነዳጅ ታንከር አጠገብ ቤት ውስጥ እሳት አይለኮስ። ሲገጥም አዲስ ብሎንና አዲስ ዳዶ ይሁን፣ ጥርሱ ላይ የመዳብ ቅባት ቢነካ ለሚቀጥለው ጊዜ ይፈታል።

በያጁ ከድባንቄ
2 ሚሊ በፋሼታ አይዘጋም። ፋሼታው ሲጠብቅ ቱቦው ይታጠፋል፣ በእጥፋቱ በኩል ይተነፍሳል። በልኩ ቀጭን እጅጌ (ክፍተቱን የሚሞላ አጭር ቱቦ) አስገብቶ የሚሠራልሽ ብየዳ ቤት ፈልጊ። አሠራሩ እንዲህ ይሁን፦ ቱቦው መኪናው ላይ ተሰቅሎ ቦታውን ሲይዝ በሁለትና በሦስት ነጥብ ብቻ ይያዝ። ከዚያ ወርዶ መሬት ላይ ዙሪያውን ይበየድ። መኪናው ላይ እያለ ሙሉውን የሚበይድ የላይኛውን ወገን አያየውም፣ ቀዳዳ ይቀራል። መኪናው ላይ ነጥብ ሲያደርግም የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፣ የብየዳ ማሽኑ የመሬት ሽቦ እዚያው ቱቦው ላይ ይያዝ።

እባክሽ አንድ ነገር እምቢ በይ። የውሃ ቱቦ ቆርጦ የሚቀጥል አለ። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ዚንክ የተቀባ ነው። ሲበየድ ጭሱ በያጁን በትኩሳት ይጥለዋል፤ ማርሚታ ላይ ሲግልም ልባሱ ይላላጣል። የማርሚታ ቱቦ ለብቻው ይሸጣል።

ነርሷ
ስለ ብረቱ ብዙ አላውቅም፣ ግን «ጭሱ ውስጥ ድረስ ይሸታል» ያልሽውን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የሚሸተው ያልተቃጠለ ቤንዚንና ሌላ ሌላው ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። ልጆች ከእኛ ፈጥነው ይተነፍሳሉ፣ ቶሎ ይጎዳሉ። እስኪሠራ ድረስ ልጆቹን በባጃጅ ላኪያቸው። የግድ ከነዳሽ ሁሉንም መስኮት ክፈቺ፤ የኋላ በሩ ተከፍቶ አይነዳ፣ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል። ስትፈትሹም ጣሪያ ያለው ዝግ ቦታ ሞተር አታስነሱ።

የጢስ አባይ መንገድ ሹፌር
እኔ ስለ ፍተሻው ልጨምር። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ቱቦው በእጅ እየተነካ ነው የሚፈተሸው። አንድ ሰው አስነስቶ ይቁም። ሌላው ወፍራም ጨርቅ በጓንት ይዞ ጭራውን ለጥቂት ሰከንድ ይድፈን። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በሚያፈሰው በኩል «ፍስስ» ይላል። ጨርሶ የሚይዝ ከሆነ ጨርቁን ይገፋዋል። በዚያው ላይ የኦሞ ውሃ መጋጠሚያዎቹ ላይ ይረጭ። አረፋ ያወጣው እሱ ነው። ከዚህ የሚሻለው ሞተር ሳይነሳ ጎሚስታ ጋ ሄዶ በቀስታ ከጭራው አየር ማስገባት ነው። ድምፅ ስለሌለ ትንሿም ትሰማለች፣ የሚተነፈስ ጭስም የለም።

የማርሚታው ሆድ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ብታዩ ግን አትድፈኑት። ውሃ መውጫ ነው፣ ወደ ታች ሆኖ ይገጠም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ ጉዟችን አጭር ነው። ከሽምብጥ ፓፒረስ ደርሶ መመለስ ማርሚታውን በደንብ አያሞቀውም፣ ውሃው ውስጥ ይቀራል። እዚህ ማርሚታ ቶሎ ከውስጥ የሚዝገው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ረዘም ላለ መንገድ አውጪያት።

ማንጠልጠያ ጎማዎቹንም ቀይሪ። ኮረኮንች ላይ አንዱ ከተበጠሰ ክብደቱ በሙሉ አዲሱ መጋጠሚያ ላይ ይወድቃል።

የሽምብጧ እናት
ተሠራ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋስኬቱ እዚሁ ገበያ ተገኘ፣ እጅጌውም እንደተባለው መሬት ላይ ተበየደ። ፊተኛው ምንም አላለም። በኦሞው ውሃ ፋሼታው ሥር ትንሽ አረፋ ታየ። ወንድሜ ፈታው፤ የውስጡ ቱቦ ጫፍ ላይ ዝገት ቀርቶ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት አጸዳው፣ የማርሚታ ማስቲሽ በስሱ ቀብቶ መለሰው። አረፋው ጠፋ። ማስቲሹ ችግር ያመጣል እንዴ ጋሼ? ከሥራው በፊት ይበራ የነበረው የሞተር መብራትም አሁንም አልጠፋም።

ጋሽ መካኒክ
ቱቦ ቱቦ ውስጥ በሚገባው ላይ በስሱ ከሆነ ችግር የለውም። መጀመሪያ ሞተሩን ሳትነጂ 10 ደቂቃ ያህል አስነሥተሽ አቆይው፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ክቡ ጋስኬት ላይ ግን ማስቲሽ አይቀባም።

መብራቱን በኮምፒውተር አስነብቢው። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ ቀዳዳ የውጭ አየር ይስባል፤ ሴንሰሩም ቤንዚን ያነሰ መስሎት ኮምፒውተሩን ያሳስታል፣ ፍጆታም ይጨምራል። ያንቺ የተበሳው ኋላ ስለነበር ምክንያቱ እሱ ላይሆን ይችላል። ጠዋት ሲነሳ «ጠክ ጠክ» የሚል፣ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ካለ ማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ክፍል) ጋ ያለውን ጋስኬት አሳዪ። ጥላሸት የነካው ቦታ ካለ እዚያ ነው። አዲሶቹን ብሎኖች ደግሞ መኪናዋ ጥቂት ቀን ተነድታ፣ በደንብ ከቀዘቀዘች በኋላ አንድ ጊዜ ቁልፍ አስነኪያቸው። ሞቆ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይላላሉ።