ጅማ ላይ በተራ በተራ የሚቀርብ የጾም እራት፦ የት ይሻላል?

ለሥራ ወይም ለሠርግ ጅማ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ሥጋም ቅቤም የሌለበት እራት፣ ረጋ ብሎ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየቀረበ የሚበላበት ቤት የት ነው? አንዳንዶቹ ጿሚ ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማይቀምሱ ቪጋኖች ናቸው። ለሁለቱም የሚሆን እራት ጅማ ላይ አለ፤ ግን ማዘዙን ማወቅ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ረቡዕና ዓርብ ነገሩ ቀላል ነው። ሁዳዴ ከሆነማ 55ቱንም ቀን የጾም ምግብ እንደ ልብ ነው። የሚያስቸግረው የፍስክ ቀን ማታ ነው። የጾም ወጥ በብዛት የሚሠራው ለምሳ ስለሆነ እስከ ማታ ያልቃል። የተረፈው ሽሮም "በቅቤ ነው" ትባላላችሁ። ስለዚህ ጠዋት ላይ ደውሉ፣ ወይም በአካል ብቅ ብላችሁ ተናገሩ።

ሁለት ሦስት ሰው ከሆናችሁ የእኔ ምርጫ መርካቶ አካባቢ ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች አንዱ ነው። ምግቡን የምትሠራዋን እናት ራሷን ማናገር ትችላላችሁ፤ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። "እትዬ፣ በያይነቱ አንድ ትሪ ላይ አይደርድሩብን፣ በተራ ይላኩልን" በሏት። በያይነቱ ጠልቼ አይደለም። ግን ሁሉም አንድ ላይ ሲቀርብ ትኩሱ ይቀዘቅዛል፣ የስልጆው ሰናፍጭ ደግሞ የአልጫውን ጣዕም ይውጠዋል።

ተራው እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ቀዝቃዛው ይምጣ፦ አዚፋ ከስንግ ቃሪያ ጋር። ቀጥሎ ሱፍ ፍትፍት፤ ለስላሳ ስለሆነ የአዚፋውን ማቃጠል ያበርዳል። ከዚያ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫና ጎመን። መጨረሻ ላይ ተጋቢኖ። ተጋቢኖ ከእሳት እንደወረደ ሸክላው ላይ እየተንተከተከ መቅረብ አለበት። ዳር ዳሩን የያዘውን በእንጀራ ፍቆ መብላት ነው ዋናው ነገር። ቀድሞ መጥቶ ትሪ ላይ ከረጋ ጣዕሙ ግማሽ ነው።

ሳምቡሳም አትርሱ። ጅማ ላይ፣ በተለይ በረመዳን ማታ ማታ፣ ምስር የገባበት ትኩስ ሳምቡሳ በየመንገዱ ይጠበሳል። ገዝታችሁ ብትገቡ ጥሩ መክፈቻ ነው። ብቻ የሥጋው አለመሆኑን ጠይቁ።

ብዙ ሰው ከሆናችሁ ወይም እንግዳ ይዛችሁ ከሆነ መሀል ከተማ ያሉት ሆቴሎች ይሻላሉ። ቦታው ሰፊ ነው፣ አስተናጋጆቹም ምግብ በየተራ ማቅረብ ለምደዋል። የአቮካዶ ሰላጣቸውን ያለ ስጋት እዘዙ፤ የአካባቢው አቮካዶ ሥጋው ወፍራም፣ በሎሚና በቃሪያ ብቻ የሚጣፍጥ ነው። ስፓጌቲ በአትክልትም ይሠራሉ። ሾርባው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የአትክልት ሾርባ ተብሎ የዶሮ ማጣፈጫ የሚገባበት ጊዜ አለ። እኔ ራሴ አንድ ቦታ የጾም ሾርባ አዝዤ ላዩ ላይ ቅቤ ተንሳፍፎ መጥቶልኛል። ስመልሰው "ትንሽ እኮ ናት" ተባልኩ። ለጿሚም ሆነ ለቪጋን ትንሽ የሚባል ቅቤ የለም። ይህን ስታዝዙ በግልጽ ተናገሩ፤ ማንም አይቀየምም።

ቪጋን ለሆናችሁ "ጾም ነው" መባል ብቻውን አይበቃም። አሳን ከጾም የሚቆጥር ቤት አለ፣ ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣ አሳም ከተማው ውስጥ ይሸጣል። "አሳም አልበላም" በሉ። ማርም እንደዚሁ ነው። የጅማ ማር ስመ ጥር ስለሆነ ብርዝ ወይም ጠጅ በክብር ይቀርብላችኋል። የሚጠጣው ጿሚ አለ፣ ማር የማትነኩ ግን ቀድማችሁ ብትናገሩ ጋባዡም አያዝንም።

ለማጣጣሚያ ከምግብ ቤቱ ውጡና ጭማቂ ቤት ግቡ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉት ለኪስ አይከብዱም። ስፕሪስ እዘዙ፤ አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያው ሳይደባለቅ ተነባብሮ ይመጣል። ወተት እንዳይገባበት ንገሯቸው፣ ሎሚ ግን አይቅር። ስኳሩን ቀንሱልኝ ማለትም ጥሩ ነው፤ ፍሬው ራሱ በቂ ጣፋጭ ነው።

ቡናውን ጭማቂ ቤት አትጠጡ። ለእሱ ጀበና የተጣደበት ቤት ፈልጉ፤ ጅማ ላይ ሩቅ አያስኬድም። በጤና አዳም ይቅዱልኝ በሉ። ቡና ላይ ቅቤ ጣል የሚያደርግ ሰው እዚህ አገር ስላለ፣ ቤት ተጋብዛችሁ ከሆነ ሲኒው ሳይቀዳ ተናገሩ።