ድምፅ ከመስጠት በፊት ትምህርት ግዴታ ይሁን?

አወያይ፦ የዛሬውን ጥያቄ ያመጣው ሄኖክ ነው። ማንኛውም ዜጋ የመራጭነት ካርድ ከመውሰዱ በፊት ስለ ምርጫ፣ ስለ መንግሥት አሠራርና ስለ ሕጋዊ መብቱ አጭር ትምህርት ይውሰድ፣ በመጨረሻም ይፈተን ይላል። ዓመተ ምሕረት የምትጠቅሱ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጉት፣ እንዳንደናገር። የፓርቲ ስም እዚህ አይነሳ፤ ጥያቄው የትም ላለ መራጭ ነው። ስድብም የለም።

ሄኖክ፦ ሐሳቤ ቀላል ነው። መኪና ለመንዳት መንጃ ፈቃድ እንጠይቃለን። ለምን? መንዳት የማያውቅ ሰው ሌላውን ሊገጭ ስለሚችል። ሳያውቁ የተሰጠ ድምፅም እኔን ይገጨኛል። ለዓመታት የሚያስተዳድረኝን ሰው የሚመርጥልኝ ፓርላማ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ነው። ሦስት ሰዓት ትምህርት፣ አሥር ቀላል ጥያቄ። ስድስቱን የመለሰ ካርዱን ይወስዳል። የወደቀ በሳምንቱ ተመልሶ ይፈተናል። ማንንም አልከለከልኩም።

ሩት፦ ሄኒ፣ "ማንንም አልከለከልኩም" እያሉ የከለከሉ ብዙ ናቸው። የአሜሪካዋ ሚሲሲፒ በ1890 ባወጣችው ሕገ መንግሥት፣ ለመመዝገብ የሚመጣ ሰው ከሕገ መንግሥቱ አንድ ክፍል ያንብብ፣ ወይም ሲነበብለት መረዳቱን ያሳይ አለች። ወረቀቱ ላይ "ጥቁር" የሚል ቃል የለም። ተረድቷል አልተረዳም የሚለው ግን መዝጋቢው ነው። ነጭ ገበሬ ሲመጣ ቀላሏ አንቀጽ ትወጣለች። ጥቁር መምህር ሲመጣ ጠበቃ የሚያከራክረው አንቀጽ ይወጣል። እንዲህ እየተባለ እስከ 1965 ተዘለቀ። ያን ዓመት የወጣው የመምረጥ መብት ሕግ ፈተናውን በደቡብ ግዛቶች አገደ፤ በ1970 ደግሞ እገዳው በመላ አገሪቱ ሆነ።

ሄኖክ፦ እሱ እኮ ዘረኝነት ነው፣ ፈተና አይደለም። የተበላሸው ፈታኙ ነው። ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን። ማንበብ ለማይችል በድምፅ ይቅረብለት፣ በራሱ ቋንቋ። ኮምፒውተር ያርመው። መዝጋቢው እጁን አያስገባበትም።

ሩት፦ ጥያቄውንስ ማን ያወጣዋል? እሱንም ኮምፒውተሩ? የሚያወጣው ሥልጣን ላይ ያለው ሰው ወይም እሱ የሾመው ነው። ቀጣዩን ምርጫ ሊሸነፍ የሚችል ሰው "ማን ይምረጥ" የሚለውን ፈተና ያዘጋጃል ማለት ነው። ይሄ አይታይህም?

ዳዊት፦ እኔ ለሄኖክ ልቁምለት፣ ብቻውን ነው። ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለተማረ ሰው ተጨማሪ ድምፅ ይሰጠው ብሎ ተከራክሯል። ብሪታንያ ውስጥ የአንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ከመኖሪያ አካባቢያቸው ድምፅ ሌላ ለዩኒቨርሲቲያቸው የፓርላማ መቀመጫም ይመርጡ ነበር። ይህ የቀረው በ1948 በወጣ ሕግ ነው። በቅርብ ማለት ይቻላል።

ሩት፦ አንተው ራስህ "ቀረ" አልክ እኮ።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ እኔ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ነው የሸበትኩት። ተማሪዎቼ ሦስቱን የመንግሥት አካላት በእንቅልፍ ልባቸው ይነግሯችኋል። ፈተናውን የደፈነ ልጅ፣ አከራዩ በሩን ቆልፎ ዕቃውን ሲያወጣበት ወዴት አቤት እንደሚል አያውቅም። ሄኖክ፣ ያንተ አሥር ጥያቄ የምታመርትልህ እንዲህ ያለውን ተማሪ ነው።

አዋቂ ሰው እንዴት እንደሚማር ልንገራችሁ። ሩት ያነሳችው የንባብ ፈተና ሳውዝ ካሮላይናም ነበረ። እዚያ ጆንስ ደሴት በምትባል ቦታ ኢሳው ጄንኪንስ የሚባል ጥቁር ሰው አውቶቡስ ነበረው። ሠራተኞችን ወደ ከተማ ሲያመላልስ፣ ለምዝገባ የሚጠየቀውን የሕገ መንግሥት ክፍል መንገድ ላይ ያስጠናቸው ነበር። ሽምደዳ ግን ሩቅ አይወስድም። ማንበብ ራሱን እንማር የሚሉ መጡ። በ1957 መጀመሪያ ከአንድ የኅብረት ሱቅ ጀርባ ባለ ክፍል ትምህርት ተጀመረ። መምህሯ በርኒስ ሮቢንሰን የሴቶች ፀጉር ሠሪ ናት። የመምህርነት ወረቀት የላትም። የተፈለገችውም ለዚሁ ነው፤ ሰው እንዳይፈራት። ደግሞ ኑሮዋ ከራሷ ሥራ ስለሆነ የሚያባርራት ነጭ አለቃ የለም።

መጀመሪያ ይዛ የሄደችው የሕፃናት የንባብ መማሪያ ነበር። ለትልልቅ ሰዎች እንደማይሆን ወዲያው ገባት። ምን መማር ትፈልጋላችሁ ብላ ጠየቀች። ስማችንን መጻፍ፣ የገንዘብ መላኪያ ቅጽ መሙላት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አሏት። ከዚያው ጀመረች። የምርጫው ሕግ በዚያ መሐል ገባ። ትምህርቱ ቆይቶ ደቡቡን አዳረሰ። የመጣው ሁሉ ወዶ ነው የመጣው። እኔ ግዴታ በሚባል ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ ወዶ የመጣ ተማሪ ዓይን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ቤቲ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን ከጀመሩት ላይቀር እኔ ልጨምርበት። ያን ትምህርት ያቀናበረችው ሴፕቲማ ክላርክ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነበረች። በ1956 ከሥራ ተባረረች። ጥፋቷ ከጥቁሮች መብት ማኅበር አልወጣም ማለቷ ነው። ግዛቲቱ ሠራተኞቿ የዚያ ማኅበር አባል እንዳይሆኑ በሕግ ከልክላ ነበር። እና አሁን "መንግሥት ዜጋውን የግድ ያስተምር" ስትሉኝ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን የሚጽፈው እጅ ሴፕቲማን ያባረረው እጅ እንደሆነ ነው የሚታየኝ። መብቴን ሊጥስ የሚችለው አካል ስለ መብቴ ምን ያህሉን ይነግረኛል?

ናሆም፦ ቤቲ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን መላ የተበጀለት ቦታ አለ። ምዕራብ ጀርመን በ1952 የፖለቲካ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም አቋቋመች። ያለው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ሚዛኑን የሚጠብቁት ግን ከፓርላማው የተውጣጡ 22 አባላት ናቸው፣ ተቃዋሚዎችም አሉበት። ከዚያ በ1976 ግራም ቀኝም ያሉ የፖለቲካ ትምህርት ሰዎች ቦይተልስባኽ በምትባል ቦታ ተሰብስበው ተወያዩ። እስካሁን የሚሠራበት ሦስት ነገር ወጣ። አስተማሪ ተማሪውን ጎትቶ ወደ ራሱ አቋም አያስገባም። በሕዝብ ዘንድ የሚያከራክር ጉዳይ ክፍል ውስጥም እንደሚያከራክር ሆኖ ይቀርባል። ተማሪው ደግሞ የራሱን ጥቅም አይቶ ፖለቲካው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ይማራል። ከናዚ የወጣ አገር ነው እንግዲህ፤ መንግሥት ሲያስተምር ምን እንደሚመጣ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቤቲ፦ ሕግ እኮ አይደለም፣ ስምምነት ነው። የሚያከብረው ሰው ሲኖር ይሠራል። ፍርድ ቤት በሌለበት፣ ጋዜጣ በሌለበት አገር ወስደህ ብትተክለው ምን ታደርገዋለህ?

ናሆም፦ ታዲያ ዝም እንበል? መንግሥት ባያስተምር ሌላው ዝም አይልም። ስልካችሁን ክፈቱት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስተምራችሁ ያድራል።

ትዕግሥት፦ ሁላችሁም መራጩን ይዛችሁታል። እስቲ ወረቀቱን እንይ። የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተበላሸ ድምፅ ስንለይ ጣት አሻራ ብቻ አይደለም የምናገኘው፤ ወረቀቱ ላይ አሳምሮ የፈረመበትም አለ። መፈረም የለመደ የተማረ ሰው ነው እሱ። በ2000 በአሜሪካ ምርጫ ፍሎሪዳ ውስጥ ፓልም ቢች በሚባል ወረዳ የእጩዎቹን ስም ግራና ቀኝ ደርድረው የሚበሳውን ቀዳዳ መሐል አደረጉት። ከ19 ሺህ በላይ ወረቀት ለፕሬዚዳንት ከአንድ በላይ ተበስቶ ተገኘና ከቁጥር ወጣ። በመላው ፍሎሪዳ አሸናፊውንና ተሸናፊውን የለየው 537 ድምፅ ነው። ሰዎቹ ማንን እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። የሳታቸው ወረቀቱ ነው።

በተቃራኒው ሕንድን ተመልከቱ። በ1951 ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ 18 ገደማ ነበር። እነሱ ሰው ፊደል እስኪቆጥር አልጠበቁም። ለፓርቲዎቹ ምልክት ሰጡ፤ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ለእያንዳንዱ እጩ ምልክቱ የተለጠፈበት ሳጥን አስቀመጡ። ሰውም ገብቶ መረጠ። የሄኖክ ፈተና ያን ጊዜ ቢኖር ስንቱ ይቀር ነበር?

ሄኖክ፦ ሳጥኑን ማግኘትና ማንን መምረጥ እንዳለበት ማወቅ አንድ አይደሉም። እኔ የምለው ውሳኔውን ነው። ቃል የተገባለት ነገር በዚያ ሥልጣን የሚፈጸም መሆኑን እንኳ የማያውቅ ሰው ምን ይወስናል?

ትዕግሥት፦ እውነቱን ልንገርህ? ብዙ ጊዜ "ሰዉ አላወቀም" የምንለው እኛ የማንፈልገውን ሲመርጥ ነው። የኛን ሲመርጥማ "ሕዝብ አይሳሳትም" ነው።

ዮናስ፦ ጠበቃ ነኝ፣ በሙያዬ ልግባ። ጥያቄው ላይ "ሕጋዊ መብት" የሚልም አለ፣ ረሳችሁት። ድምፅ የምትሰጡት በዓመታት አንዴ ነው። መብት የሚያስፈልጋችሁ ግን ማክሰኞ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት በር ሲንኳኳ ነው። ያኔ ከአራት ዓመት በፊት የወሰድከው የሦስት ሰዓት ትምህርት ትዝ አይልህም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 በሚራንዳ ጉዳይ የወሰነው ይህን ያየ ነው። ፖሊስ የያዘውን ሰው ከመመርመሩ በፊት ዝም ማለት እንደምትችል፣ ጠበቃ እንዳለህ ይንገርህ አለ። የማስተማሩን ዕዳ የጣለው መብቱን ሊጥስ በሚችለው አካል ላይ ነው፣ ቤቲ። ያውም በዚያችው ሰዓት።

ማወቅም ብቻውን አይበቃም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የተወሰነ የጊድዮን ጉዳይ አለ። ሰውየው ድሃ ነው። ፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ቆሞ ጠበቃ ይቁምልኝ አለ። ዳኛው የግዛቱ ሕግ ለእንዲህ ያለ ክስ አይፈቅድም አሉት። ራሱ ተከራከረ፣ ታሰረ። ከእስር ቤት በእርሳስ ጽፎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አመለከተና በ1963 ተፈረደለት። ጠበቃ ቆሞለት እንደገና ሲታይ በነፃ ወጣ። በሁለቱም ጊዜ ሰውየው የሚያውቀው ያንኑ ነበር። የተጨመረለት ጠበቃ ነው። እኔም "መብቴን አውቃለሁ" ብለው የሚጮሁ ደንበኞች ሞልተውኛል፤ የሚሰሙት አጠገባቸው ሰው ሲቆም ነው።

ሄኖክ፦ እሺ፣ ፈተናው ካስፈራችሁ ይውጣ። ትምህርቱ ግን ግዴታ ሆኖ ይቆይ። መጥቶ መቀመጥ ብቻ።

ዳዊት፦ በዚህስ ምን ትላላችሁ? አውስትራሊያ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠትን ግዴታ ያደረገችው በ1924 ነው። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ነፃነታችን ተነካ ብሎ የፈረሰ ነገር የለም። ሦስት ሰዓት መቀመጥ ምኑ ይከብዳል?

ሩት፦ እዚያ የቀረ ሰው ገንዘብ ይቀጣል እንጂ ድምፁን አይነጠቅም። በሄኖክ ሕግ የቀረ ሰው ካርድ የለውም። ደግሞ እነሱ ምርጫውን የሚያደርጉት ቅዳሜ ነው።

ሰናይት፦ እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፣ በፈረቃ። ሦስት ሰዓት ያላችሁት መሄጃና መመለሻው ሲታሰብ የግማሽ ቀን ደሞዜ ነው። ማን ይከፍለኛል? ልጄንስ ማን ይይዝልኛል? መማር ጠልቼ አይደለም። ጋሼ እንዳሉት መጥቶ ምን ማወቅ ትፈልጊያለሽ ያለኝ ስለሌለ ነው። እኔ ማወቅ የምፈልገው አለቃዬ ከደሞዜ ሲቆርጥ ለማን እንደምከስ ነው። የመረጥኩት ተወካይ ቢሮው የት እንደሆነም። ሦስት ሰዓት ግዴታ ከሆነ ለምን እሱ ላይ አይሆንም? እሱ መጥቶ ከኛ ጋር ሦስት ሰዓት ይቀመጥ።

ጋሽ መኮንን፦ ይሄን ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አስገቡልኝ።

ሄኖክ፦ እህቴ፣ ለትምህርቱ ቀን ደሞዝ ይከፈል፣ በሕግ። አሠሪሽ ሳይሆን መንግሥት ይክፈል።

ሰናይት፦ ከተከፈለኝማ እመጣለሁ። ልጄ ታሞብኝ ባልመጣስ? ካርዴን ትወስዳለህ?

ሄኖክ፦ ካልወሰድኩ ግዴታ አይባልም።

ሩት፦ እሱን እኮ ነው ከመጀመሪያው የምንልህ።

ሄኖክ፦ ቆይ፣ ቆይ። ካርዱ አይነካ። ዳዊት እንዳለው እንደ አውስትራሊያ መቀጫ ይሁን።

ሰናይት፦ ከእኔ ላይ? ፈረቃዬ ደርሷል፣ ልሂድ። ስንት ብር እንደሆነ ጻፍልኝ፣ ስመለስ አነበዋለሁ።