ሮታክስ 912 ባትሪ አይሞላም፤ ሬጉሌተሩን ልቀይረው?

ጀማሪ ክንፍ፦
ሰላም ወገኖች። ኮሎራዶ ነኝ፤ ከኪት የገጣጠምኳት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አለችኝ፣ ሞተሯ ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ ነው። ቻርጅ አታደርግም። ሞተር ሳይነሳ ባትሪው 12.6 ቮልት ያሳያል። አስነስቼ በደቂቃ 4000 ዙር ሳደርሰው ከ12.7 አያልፍም፤ የማረፊያ መብራቱንና ሬዲዮውን ስከፍት ደግሞ ወደ 12.3 ይወርዳል። ሃንጋር የሚጋራኝ ሰው ሬጉሌተሩ (የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረው) ተቃጥሏል ቀይረው ይላል፣ ሌላው ስቴተሩ (ሞተሩ ላይ ኮረንቲ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ) ነው ብሎ ፍላይዊሉን፣ ማለትም የሞተሩን ከባድ ጎማ፣ ሊያስነቅለኝ ነው። ማንን ልስማ?

ቴስተር በእጁ፦
ማንንም አትስማ፣ መጀመሪያ ለካ። ሞተር አጥፍተህ ከስቴተሩ የሚመጡትን ሁለቱን ቢጫ ገመዶች ከሬጉሌተሩ ንቀል፣ ከዚያ አስነስተህ በመካከላቸው ኤሲ ቮልት ለካ። ዙር ስትጨምር ቮልቱም አብሮ መጨመር አለበት። ሞተሩ ጠፍቶ ደግሞ አንዳቸውም ከሞተሩ ብረት ጋር መገናኘት የለባቸውም። ይህን ካለፈ ስቴተሩን እርሳው። ቀጥሎ ሬጉሌተሩ ላይ ሲ የሚል ምልክት ያለበትን ገመድ እይ፤ የባትሪውን ቮልት የሚያውቀው በሱ ነው። ማስተር (ዋናው ማብሪያ) ተከፍቶ እዚያ ቮልት ከሌለ አዲስ ሬጉሌተርም ብትገዛ አይሠራልህም። ደግሞ አደራ፣ ብቻህን እንዳታደርገው። ጎማው ሥር ታኮ አድርግ፣ ጅራቷን እሰር፣ ውስጥ ተቀምጦ ነዳጁን የሚቆጣጠርልህ ሰው ይኑር። ፕሮፔለር አጠገብ ቴስተር ይዞ ማጎንበስ ቀልድ አይደለም።

ጋሽ መካኒክ፦
ልጄ፣ እኔን ያጠራጠረኝ 12.7 ማለቱ ነው። ጨርሶ የሞተ ቢሆን ሞተር ሲነሳ ይወርድ ነበር እንጂ ቅንጣት አይጨምርም። እንግዲህ ትንሽ ትንሽ እያስገባ ነው። ማሳውን፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር፣ እይ። የሬጉሌተሩ ማሳ ራሱ አካሉ ነው፣ ቀለም የተቀባ ፋየርዎል (ሞተሩን ከመቀመጫው ክፍል የሚለየው ግድግዳ) ላይ ከታሰረ ኮንታክቱ ደካማ ይሆናል። እዚያ ላይ 1.5 ቮልት ከጠፋ ሬጉሌተሩ 14.2 ደርሻለሁ ብሎ ያቆማል፣ ባትሪው ግን የሚያገኘው 12.7 ነው። ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ሬጉሌተሩ አካል ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርግ። ዜሮ አካባቢ ካልሆነ አገኘኸው።

ጀማሪ ክንፍ፦
ጋሼ እጅዎ ይባረክ! ቢጫዎቹ ደህና ናቸው፣ ሲ የሚለው ገመድም ቮልት አለው፣ ማሳው ላይ ግን 1.4! ሬጉሌተሩን ፈትቼ ሳየው ከሥሩ ቀለሙ እንዳለ ነው፤ የሚነካካው በብሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር፣ አንደኛው ብሎን ጭራሽ ጠቁሯል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ከሬጉሌተሩ አካል ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ወፈር ያለ ገመድ ሳብኩ። አሁን 14.1፣ መብራት ተከፍቶም ንቅንቅ አይልም። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አየር ላይ ሆኜ ቻርጁ ቢቋረጥ ሞተሩ ይጠፋል እንዴ?

ቴስተር በእጁ፦
አይጠፋም። የ912 ዩኤልኤስ ኢግኒሽን ከሞተሩ የራሱን ኮረንቲ ያገኛል፣ ባትሪ አይጠይቅም፤ ካርቡሬተሩም ኮረንቲ አይፈልግም። ባትሪው ሲያልቅ የሚሞቱብህ ሬዲዮው፣ ትራንስፖንደሩ (ለራዳር ምላሽ የሚሰጠው) እና ስክሪኑ ናቸው። በካርቡሬተር ፈንታ ኢንጀክሽን ያለው 912 አይኤስ ቢሆን ሌላ ጨዋታ ነበር፣ ኢንጀክሽኑ ያለ ኮረንቲ አይሠራም። አሁን ካውሊንጉን (የሞተሩን ሽፋን) ግጠምና ሞተሩ በደንብ ሲግል ደግመህ ለካው፣ ሬጉሌተር ሙቀት አይወድም። ሎግቡኩ ላይም ጻፈው።