መላጣው አውራ ዶሮ ንጹሕ ዘር ነው ወይስ ቅልቅል?

ዶሮ የምታራቡ ሰዎች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ቦታው ሱሉልታ ነው። አንገቱ ጭራሽ ላባ የሌለው መላጣ አውራ ከ6 ባለ ላባ ሴቶች ጋር ገብቶ ከተፈለፈሉት 16 ጫጩቶች 13ቱ መላጣ ናቸው፤ ሁሉም አንገታቸው ሥር፣ በፊት በኩል፣ እፍኝ የማትሞላ የላባ ቁንጮ አላቸው። 3ቱ ግን ሙሉ ላባ ለብሰዋል። ግራ የገባኝ እነዚህ 3ቱ ናቸው።

የመላጣ ጂን ዶሚናንት (የበላይ) ቢሆንም የበላይነቱ ሙሉ አይደለም፦ ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ (ቅልቅል) ቁንጮ ያወጣል፣ ከሁለቱም የወረሰ (ንጹሕ) ጭራሽ ይራቆታል። አውራው ንጹሕ ከሆነ አንድም ባለ ላባ ሊወልድ አይገባም። ቁንጮው በመነቃቀል የጠፋበት ቅልቅል ከሆነ ደግሞ 8 ለ8 አካባቢ ነበር የሚጠበቀው፤ 13 ለ3 ከዚያ ይርቃል።

እንቁላሉ መሰብሰብ የጀመረው የድሮው ባለ ላባ አውራ በወጣ በ8ኛው ቀን ነው (ችኮላ!)። ሴት ዶሮ የአውራን ዘር ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በሆዷ ስለምታቆይ፣ 3ቱ የእሱ ይሆኑ? ሌላ አውራ ሳይገባ ከ4 ሳምንት በኋላ እንደገና ቢታቀፍና 10 ጫጩት ሁሉም መላጣ ቢወጣ፣ ንጹሕነቱን ለማመን ይበቃል?