ቅርንጫፍ ለበዛበት ድርጅት፣ ለየደንበኛው የሚስማማ ኢሜይል ለመላክ የቱ ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ድርጅት ከሠላሳ በላይ ቅርንጫፍ አለው። እስካሁን ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ኢሜይል ስንልክ ኖረናል። አሁን ደንበኛው የራሱን ቅርንጫፍ ስም፣ የሥራ ሰዓትና ቅናሽ እንዲያይ ይደረግ የሚል ትእዛዝ ከላይ መጣ። የኢሜይል መላኪያ መሣሪያዎቹ ሜይልቺምፕ፣ ብሬቮ፣ ክላቪዮ፣ ሃብስፖት፣ ሴልስፎርስ ሁሉም "እንችላለን" ነው የሚሉት። የተጠቀማችሁ የቱን ትመክሩኛላችሁ? አንዱ ባልደረባዬ ለየቅርንጫፉ የተለየ ዝርዝር ከፍተን እንገላገል እያለ ነው። የኢሜይሉ ሠራተኛ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉንም የምታዘጋጀዋም የምትልከዋም እኔው ነኝ።

መልስ፦
እህቴ፣ ከባልደረባሽ ሐሳብ ልጀምር፤ እሱን ነገር ተዉት። ለየቅርንጫፉ ዝርዝር መክፈት መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስላል። ጣጣው የሚመጣው ደንበኛው "ከእንግዲህ አትላኩልኝ" ብሎ ሲወጣ ነው። ከአንዱ ዝርዝር ይወጣል፣ ሌላው ላይ ይቀራል፣ በሳምንቱ ሌላኛው ቅርንጫፍ ይጽፍለታል። ሰውየው ሁለተኛ አይለምንም፤ "ስፓም" የሚለውን ተጭኖ ይገላገላል። ሜይልቺምፕ ላይ "ኦዲየንስ" የሚባሉት ዝርዝሮች እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንድ ሰው ሁለቱም ውስጥ ካለ ክፍያው ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ራሱን ያስወጣውም ቢሆን አርካይቭ እስካልተደረገ (ከዋናው ዝርዝር ተነሥቶ ለብቻው እስካልተቀመጠ) ድረስ ከቁጥሩ አይቀነስም። ስለዚህ ዝርዝሩ አንድ ይሁን፤ ቅርንጫፉ የደንበኛው መረጃ ውስጥ አንድ መስክ (የመረጃ መሙያ ቦታ) ሆኖ ይግባ።

አሁን ወደ ምርጫው። የደንበኛን ስም ኢሜይል ውስጥ መክተት ሁሉም ይችላሉ፤ በዚያ አታወዳድሪያቸው። መጠየቅ ያለብሽ የቅርንጫፉ መረጃ የት ይቀመጣል የሚለውን ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የቅርንጫፉን ስም፣ ስልክ፣ ሰዓትና የካርታ ሊንክ በእያንዳንዱ ደንበኛ መዝገብ ላይ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ደንበኛው ላይ የቅርንጫፍ ኮድ ብቻ ማስቀመጥና ዝርዝሩን ከአንድ የቅርንጫፎች ሰንጠረዥ ማምጣት ነው። አንድ ቅርንጫፍ ስልኩን ሲቀይር በመጀመሪያው መንገድ የሺዎችን መዝገብ ታስተካክያለሽ፤ በሁለተኛው አንድ መስመር። ቅርንጫፍ ሠላሳ ሲደርስ ልዩነቱ የሥራ ቀን ያህል ነው።

ሜይልቺምፕ በመሠረቱ የመጀመሪያው መንገድ ነው። መረጃው ደንበኛው ላይ ይቀመጣል፣ በ"መርጅ ታግ" (በደንበኛው መረጃ በሚተካ ምልክት) ይጠራል። "ቅርንጫፉ ይህ ከሆነ ይህን አሳይ" የሚል ሁኔታም መጻፍ ይቻላል። አምስት ስድስት ቅርንጫፍ ላለው ሰው ይበቃል። ሠላሳ ጊዜ "ይህ ከሆነ፣ ያ ከሆነ" እያሉ መደርደር ግን አንዷ ምልክት ስትጎድል የቱ ጋ እንደተበላሸ ፈልጎ ማግኘት ያስመርራል።

ብሬቮ (እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ሴንዲንብሉ ይባል የነበረው) አከፋፈሉ ይለያል። ዋናው ስሌት በተላከው ኢሜይል ብዛት እንጂ በደንበኛው ብዛት አይደለም። ዝርዝሩ ረጅም ሆኖ በወር አንዴ ሁለቴ ለሚልክ ድርጅት ያዋጣል።

ክላቪዮን የምመክረው ሽያጫችሁ በኦንላይን ሱቅ፣ በተለይ በሾፒፋይ የሚያልፍ ከሆነ ነው። ማን ምን ገዛ የሚለው ራሱ ስለሚገባለት፣ የኢሜይሉን ክፍሎች ለአንዱ አሳይቶ ከሌላው መደበቅ ላይ ጎበዝ ነው። ሽያጩ በአካል ብቻ ከሆነ ግን ግማሽ ጉልበቱ ሥራ ይፈታል።

ሃብስፖት የሚያምርበት ደንበኛው የሚያውቀው የሽያጭ ሠራተኛ ሲኖር ነው። ኢሜይሉ ደንበኛውን በያዘው ሠራተኛ ስም ሊወጣ ይችላል። እንደ ተቀባዩ የሚለዋወጠው "ስማርት ኮንተንት" ግን ዝቅተኛው ፓኬጅ ላይ የለም፤ ከመፈረምሽ በፊት ይህን አጣሪ።

ሴልስፎርስ ማርኬቲንግ ክላውድ ሁሉንም ይችላል። ሰንጠረዥ አለው፣ ቅርንጫፎችን በ"ቢዝነስ ዩኒት" ይከፋፍላል፣ የላኪው ስም ራሱ እንደ ቅርንጫፉ ይቀያየራል። ደንበኛው ሲወጣ ከአንዱ ክፍል ብቻ ይውጣ ወይስ ከድርጅቱ በሙሉ የሚለውንም መወሰን ይቻላል። ግን አምፕስክሪፕት የሚባለውን የራሱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ብቻሽን ነሽ ብለሻል፤ ለአንቺ አይሆንም።

የእኔ ምርጫ ካነሳሻቸው ውጭ ነው፤ ከስተመር አይኦ የሚባል የኢሜይል መሣሪያ። "ኮሌክሽን" በሚባለው ውስጥ የቅርንጫፎችን ሰንጠረዥ ታስገቢያለሽ፤ ኢሜይሉ በደንበኛው ኮድ እየፈለገ ያወጣል። የሚጻፈው ሊኩዊድ በሚባል የንድፍ መጻፊያ ቋንቋ ነው። ሊኩዊድ ከሾፒፋይ የወጣ፣ ሌሎችም ብዙዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነ ነገ መሣሪያ ብትቀይሪ እውቀቱ አብሮሽ ይሄዳል። ብሬዝ የሚባለው መሣሪያም "ካታሎግ" ብሎ ተመሳሳይ ነገር አለው፤ እሱ ግን ትልልቅ የሞባይል መተግበሪያ ላላቸው ነው የሚመጥነው። ትንሽ ኮድ የሚያግዝሽ ሰው ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ፈልጊ፤ ከዚያ ራስሽ ትወጪዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሻጭ "ደንበኛው ኢሜይሉን ከከፈተበት ቦታ ቅርንጫፉን እናውቃለን" ይላችኋል። አትመኑት። ቦታው የሚገመተው ኢሜይሉ ውስጥ ያለው ምስል ሲጫን ነው፤ ጂሜይል ግን ከእ.ኤ.አ. 2013 መጨረሻ ጀምሮ ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ነው የሚያመጣው፤ አፕል ሜይልም ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ የአይፒ አድራሻን (የመሣሪያውን የኢንተርኔት አድራሻ) የሚደብቅ አማራጭ አለው። ስለዚህ የምታዩት የሰውየውን ሳይሆን የሰርቨራቸውን ቦታ ሊሆን ይችላል። ቅርንጫፉን ከመጨረሻው ግዢ ውሰዱ፤ ከሌለ ሲመዘገብ ጠይቁት።

ጥያቄ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅርንጫፋቸው የማይታወቅ ደንበኞችስ? ብዙ አሉን። ደግሞ ላኪው ማን ይሁን፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ወይስ ቅርንጫፉ?

መልስ፦
ለማይታወቁት መተኪያ ጽሑፍ አዘጋጂ። ካልተዘጋጀ "ውድ ደንበኛችን፣ የ ቅርንጫፋችን እሁድም ክፍት ነው" የሚል ነገር ይሄድላቸዋል። ባዶ መስክ ላይ "ሁሉም ቅርንጫፎቻችን" ብሎ መተካት ደግሞ ሁሉም እሁድ ካልከፈቱ ውሸት ነው። የሚሻለው ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ መቀየር ነው፦ "በአቅራቢያዎ ያለውን ቅርንጫፍ እዚህ ይምረጡ" የሚል ቁልፍ ይግባና ሲመርጥ መስኩ ይሞላ። መረጃ ትሰበስቢበታለሽ። በአማርኛ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ "እንኳን ደህና መጣህ" እና "መጣሽ" ውስጥ አትግቢ፤ ፆታ የሚል መስክ ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ የተሳሳተ ነው። "መጡ" በይና እለፊ።

ላኪውን በተመለከተ፣ የሚታየው ስም የድርጅቱና የቅርንጫፉ አብሮ ይሁን፤ አድራሻው ግን በድርጅቱ ዶሜይን (ከ@ በኋላ በሚመጣው ስም) ስር። አንዳንድ የቅርንጫፍ ኃላፊ "በራሴ ጂሜይል አድራሻ ይውጣ" ይላል። አይሆንም። ከእ.ኤ.አ. 2024 የካቲት ወዲህ ጂሜይልና ያሁ በብዛት በሚልኩ ላይ ጠንክረዋል። ጂሜይል በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክለትን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ (ኢሜይሉ በእርግጥ ከላኪው ዶሜይን መምጣቱን የሚያረጋግጡ ሦስት ማረጋገጫዎች) እንዲያሟላ፣ በአንድ ጠቅታ መውጫ እንዲያስገባ፣ የስፓም አቤቱታውም ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። በሰው ጂሜይል አድራሻ ስም ከሌላ መሣሪያ የወጣ ኢሜይል የዲማርኩን ፈተና አያልፍም። መልስ የሚመጣበትን አድራሻ ግን የቅርንጫፉ አድርጊው፤ ደንበኛው "ነገ ክፍት ናችሁ?" ብሎ ሲመልስ የሚመለከተው ሰው ጋ ይድረስ። መልሱን የሚያነብ ሰው ከሌለ ግን ዋናው ቢሮ ይሻላል።

ዶሜይኑ አንድ ስለሆነ አቤቱታውም የጋራ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፍ በየቀኑ ካሰለቸ የሌሎቹም ኢሜይል ስፓም ውስጥ መግባት ይጀምራል። አንድ ደንበኛ በሳምንት ስንት ጊዜ ይደርሰው የሚለው ገደብ ከዋናው ቢሮ ይውጣ።

ሌላ አስተያየት፦
ከላይ ባለው ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኛ ቅርንጫፎቻችን ራሳቸው መጻፍ ይፈልጋሉ፤ ሁሉም ነገር ከማእከል ይውጣ ሲባል ሥራው አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። እንደዚያ ከሆነ ኤማ የሚባለውን የኢሜይል መሣሪያ እዩት። ዋናው ቢሮ አርማውን፣ ቀለሙንና የግርጌውን ጽሑፍ ቆልፎ ንድፉን ይሰጣል፤ ቅርንጫፉ የተፈቀደለትን ክፍል ብቻ ይሞላል። የእኛዎቹ ኃላፊዎች ማክሰኞ ጽፈው ሐሙስ ይልካሉ፣ ማእከሉ መሃል ላይ አይቶ ያጸድቃል።

መልስ፦
ልክ ነህ፣ ቅርንጫፎቹ የሚጽፉት ነገር ካላቸው። ብዙ ቦታ ያየሁት ግን ለሁለት ወር ጽፈው የሚተዉ ኃላፊዎችን ነው። ጠያቂዋ መጀመሪያ አምስት ኃላፊዎችን ደውላ "ደንበኞቻችሁ በሚቀጥለው ወር ማወቅ ያለባቸው ምንድን ነው?" ብላ ትጠይቅ። ሦስቱ መልስ ካላቸው ኤማ፣ ዝም ካሉ ከስተመር አይኦ።

የቱንም ብትመርጪ፣ በሙከራው ጊዜ ለየቅርንጫፉ አንድ አንድ የውሸት ደንበኛ ፍጠሪ፤ አንዱን ደግሞ ያለ ቅርንጫፍ፣ ሌላውን ያለ ስም፣ ሌላውን በተዘጋ ቅርንጫፍ ኮድ። ኢሜይሉ ለሁሉም ወደ ራስሽ ሳጥን ይምጣ፤ መጀመሪያ የምትከፍቺው የተዘጋውን ቅርንጫፍ ይሁን።